ቫልሄም በረዶዋን ያጣችበት ቅዳሜ

የበረዶ ሆኪ ቡድናችን፣ የቫልሄም ጥንቸሎች፣ ዋንጫ በልቶ አያውቅም። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም፤ እኔም ያደግሁት ጥንቸል ሆኜ ነው። በአዲሱ የስፖርት አዳራሽ መግቢያ ላይ የክለቡን ታሪክ የያዘ የናስ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ክለቡን ማን እንደመሠረተው፣ የመጀመሪያው አዳራሽ ከየትኛው የፈረሰ ጎተራ ሳንቃ እንደተሠራ፣ ከልጆቹ እነማን ትልልቅ ክለቦች ድረስ እንደዘለቁ ይናገርና ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት ላይ ሲደርስ፣ «የፍጻሜው ጨዋታ በአየር ጠባይ ምክንያት ሳይካሄድ ቀረ» ብሎ ያልፋል። ባለፈው ሳምንት ፊቱ ቆሜ ሁለቴ አነበብኩት። ሐሰት አይደለም። ነፋሱ ነበረ። እኔም ነበርኩ።

ያኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በእኛ አገር የወጣቶች የበረዶ ሆኪ ቡድን ያላት ትንሽ ከተማ ተጫዋቾቿን ሁሉ ራሷ አትወልድም፤ ከሩቅ ታስመጣለች። ጎረምሶቹ ብርድ ሳይገባ በባቡር ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ወስዶ በረዶው እስኪቀልጥ ያበላል፣ ያለብሳል፣ ያስተኛል። ስለዚህ መኸር ሲገባ የቫልሄም ሴቶች ሱቅ ውስጥ ሲገናኙ ወሬያቸው አንድ ነው።

«ያንቺ አጥቂ እንዴት ነው፣ ይበላል?»

«ይበላል ወይ ትይኛለሽ? ትናንት እኮ ድስቱን እየጠረገ የእኔን ሰሐን ያያል።»

«የእኔ ተከላካይ ይሻላል። እሱስ ሲያኮርፍ ብቻ ነው የሚያስቸግረው።»

እኛን የደረሰን በረኛው ነበር። ኤመሪ ጎዴ ይባላል፤ ከሰሜን ጫካ፣ እንጨት ቆራጮች ከሚኖሩበት አገር የመጣ፣ እንደ ስልክ እንጨት የረዘመ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ። እናቱ አብራው መጥታ ነበር። ሴትዮዋ ከፈረንሳይኛ በቀር ቋንቋ አታውቅም፤ የእኔ እናት ደግሞ ፈረንሳይኛ የሚባል አልሰማችም። ባቡር ጣቢያው ላይ ተያይተው ቆሙ። ከዚያ ሴትዮዋ የልጇን እጅ ይዛ እናቴ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው፤ የሁለቱንም እጅ በሁለት እጇ ጨብጣ ብዙ ቆየች። ኤመሪ እስከ ጆሮው ቀላ። ተጫዋቾቹ ሳቁበት፤ እኔም ሳቅሁ። ስለ ምግቡ የሚነጋገሩ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ቶርዲስ ኦስቢ በቤቷ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ነበረች። የበረዶው አዳራሽ ውስጥ ስትገባ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ዳኛ ሁሉ ስሟን ያውቃል። «ሚስተር ዳኛ፣ ሚስትህ ዛሬ መነጽርህን አድርጋ ገበያ ወጣች እንዴ?» ስትል ከወዲያኛው ጫፍ ይሰማል። የእህል ጎተራው ኃላፊ የሆነው አባቴ ሃልቫርድ አጠገቧ ተቀምጦ አንገቱን ኮቱ ውስጥ ይቀብራል። የጎረቤታችን የኮርሰን ከተማ ሰዎች ጥንቸል ናችሁ እያሉ ካሮት ሲወረውሩብን እናቴ በቀሚሷ ትለቅመዋለች። «ጥሩ ካሮት ነው፤ ከጨዋታቸው ይሻላል» ትላለች። በማግስቱ ሾርባ ይሆናል። እኔ በዓለም ላይ ከእናቴ የበለጠ ጥንቸል የለም ብዬ አምን ነበር።

በዚያ ዓመት ፍጻሜ ደረስን። ተጋጣሚያችን ያምናው የዋንጫ ባለቤት ኮርሰን ነው፤ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ ይወስዳል። የመጀመሪያውን በሜዳችን ተሸነፍን። ለሁለተኛው መላው ከተማ በእህል መኪና ላይ ተጭኖ ኮርሰን ወረደ። እኔ አባቴ ትከሻ ላይ ነበርኩ። አንድ ለባዶ እየመራን ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ፓኳ፣ ያቺ እንደ ድንጋይ የደረቀች ጥቁር ጎማ፣ ከአንድ የኮርሰን ልጅ ዱላ ተስፈንጥራ ኤመሪን ከግራ ጆሮው በላይ መታችው። በዚያ ዘመን በረኛ ፊቱንም ራሱንም አይሸፍንም፤ የሸፈነ ፈሪ ይባል ነበር። ድምፁ እኛ ጋ ደረሰ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው። ኤመሪ ወደቀ። አመዳይ አምጥተው ፊቱን አሹት፤ ተነሣ፤ ዱላውን አንሥቶ የጎሉን ብረት ሁለቴ መታ። እንዴት እንደጮህን አልረሳውም፤ አባቴ እንኳ አንገቱን ከኮቱ አውጥቶ ጮኸ። ኤመሪ የቀሩትን ምቶች ሁሉ አዳነ፤ አሸነፍን፤ ሦስተኛው ጨዋታ ለቅዳሜ ቀረ። በትከሻ ተሸክመው ሲያወጡት እናቴን ፈለግኋት። ቁጭ ብላ ነበር። ድምፅዋ የተዘጋ መሰለኝ።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ እኛ ቤት ውስጥ ትልቅ ነገር መሆን ጀመረ። በረኞች የየራሳቸው ሥርዓት እንዳላቸው ሁሉም ያውቃል፤ ከጨዋታ በፊት አንዱ ካልሲውን ገልብጦ ያደርጋል፣ ሌላው ማንንም አያናግርም። ኤመሪም ለፍጻሜው የሚሆነውን ሥርዓት ጀምሮ ነበር። መጋረጃ ይዘጋልኝ አለ። ይህ ሲያንሰው ድንች የምናስቀምጥበት ምድር ቤት ወርዶ በጨለማ ይቀመጥ ጀመር። እኔ ደረጃው ላይ ዘብ ቆምኩ።

«ኤመሪ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ዓይኔን እያሳረፍኩ።»

«ለቅዳሜ?»

«ለቅዳሜ» አለ።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ኤመሪ ዓይኑን ለቅዳሜ እያጠራቀመ ነው ብዬ ተናገርኩ። በዕረፍት ሰዓት የሦስተኛ ክፍል ግማሹ ግድግዳ ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ጠዋት ጠዋት ኤመሪን ያስመልሰው ነበር፤ እሱንም ተናገርኩ። አሰልጣኙ ሚስተር ሮማኒክ ሥጋ ሻጭ ነው፤ ሱቁ ሄጄ በረኛችን ዛሬም አስመለሰ ስል ወረፋ የያዙት ሁሉ አጨበጨቡ። «ጥሩ በረኛ ካላስመለሰ በረኛ አይደለም» አለ ሚስተር ሮማኒክ፣ ቢላውን እየሳለ። አንድ ቁራጭ ቋሊማም ሰጠኝ። ኤመሪ ገንፎው ላይ በስኳር ፈንታ ጨው ነስንሶ ፊቱን ሳይለውጥ ሲበላ ስእለት ነው አልኩ። እኔን ማሪትን ትቶ በእኅቱ ስም ሊዮኒ ብሎ ሲጠራኝ ማዕረግ የጨመረልኝ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ሊዮኒ ሆኜ ዋልኩ።

ዛሬ እነዚህን ነገሮች በተርታ ስጽፋቸው ምን እንደነበሩ ማንም ያውቃል። ያኔ በቤታችን ያወቀች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እሷም እኔ ባወራሁ ቁጥር የያዘችውን ዕቃ ታስቀምጥ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ዶክተር ፒም መጡ። ዶክተር ፒም የከተማው ሐኪምም የክለቡ ሊቀ መንበርም ናቸው። ኤመሪን ጣታቸውን በዓይኑ እንዲከተል አደረጉት፤ ከዚያ ከእናቴ ጋር ወጥ ቤት ገቡ። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ።

«አንድ ምት ነው፣ ቶርዲስ። የዚህ ዕድሜ ልጅ ራስ እንደ ጉቶ ነው።»

«እንደ ጉቶ ከሆነ ስሙን ለምን ሁለቴ ጠየቁት?»

«እሱማ ልማድ ነው።»

«ሁለተኛ ቢመታስ፣ ዶክተር?»

ማንኪያ ስኒ ውስጥ ሲዞር ሰማሁ። ብዙ ዞረ።

«ይህ ከተማ ሠላሳ ዓመት ጠብቋል» አሉ ዶክተሩ።

«ልጁ ሠላሳ ዓመት አልኖረም።»

እኔ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ እናቴ በረኛችንን ልታስቀርብን ነው። ከቤት ተከትያት ወጣሁ። ሚስተር ሮማኒክ ሱቅ ገባች፤ በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ።

«ሌላ በረኛ አስገባ፣ ቫሲል።»

«ማንን ላስገባ? ይሄን የተሰቀለ በሬ? ስፋቱስ ጥሩ ነበር።»

«አልቀለድኩም።»

«እኔም አልቀለድኩም። አንድ በረኛ ነው ያለን። ልጁን ጠይቂው፤ እኔ አስገድጄው ነው?»

ልጁን ጠየቀችው። ምድር ቤት ወርዳ፣ በጨለማ፣ ድንቹ መካከል። ድምፅዋ አልተሰማኝም፤ የእሱ ግን ተሰማኝ። «ወይዘሮ ኦስቢ፣ ብሞትም እዚያ ጎል ላይ ልሙት» አለ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ የሚያምር ንግግር ሰምቼ አላውቅም ነበር። እናቱ እንዳትጠየቅ ያለችበት ጫካ ስልክ የለውም፤ መንገዱም በአመዳይ ተዘግቷል። ይህን ግን ኋላ ነው ያሰብኩት። በዚያ ቀን ያሰብኩት እናቴ ከሃዲ እንደሆነች ነው፤ ራት ላይ አላናገርኋትም።

የዚያኑ ዕለት ሌላ ወሬ ደረሰ። የኮርሰን በረዶ ቀለጠ። እነሱ ዝቅ ያለ ቦታ ናቸው፤ ሙቀት ቀድሞ ይገባቸዋል። የቀረው በረዶ የእኛ ብቻ ሆነ። ያኔ ሁላችንም የምንጫወተው ብርድ በሠራው በረዶ ላይ ነው፤ መሬቱ አሸዋ፣ በላዩ ውኃ ይረጫል፣ ሌሊቱ ያጠነክረዋል። የውድድሩ ደንብ አጭር ነበር፤ ሦስተኛው ጨዋታ ከሁለቱ ከተሞች በአንዱ እስከ እሑድ ካልተካሄደ ዋንጫው ካምናው ባለቤት ጋር ይቀራል። ኮርሰን እንግዲህ የሚፈልገው ሙቀት ብቻ ነው።

ቫልሄም እንደ ተከበበ ከተማ ተነሣች። የአዳራሹ የደቡብ መስኮቶች ፀሐይ እንዳያስገቡ በየቤቱ ያለ ብርድ ልብስና የእህል ሸራ ተሰቀለባቸው። እኛ ተማሪዎች ከሰሜን በኩል ከአጥር ጥግ የቀረውን አመዳይ በባልዲ እየዛቅን በበረዶው ዳርና ዳር ከመርን። በምዕራብ በኩል ያሉት ሁለቱ ትልልቅ በሮች ፀሐይ ስትጠልቅ ለብርዱ ይከፈታሉ፣ ሳትወጣ ይዘጋሉ፤ ሰዎች ተራ ገብተው ይጠብቃሉ። ሳቅ ነበር፣ ጩኸት ነበር። አንድ አዛውንት በረዶው ላይ ተንበርክከው ጆሮአቸውን አስደግፈው፣ «ይተነፍሳል፤ ቅዳሜን ያያል» ሲሉ ቄስ እንደተናገረ ተቀበልን። እናቴም ብርድ ልብሶቻችንን ሁሉ ይዛ መጣች፤ የእኔንም ጭምር። ታረቅኋት።

ዓርብ ዕለት ከተራሮቹ በኩል ቺኑክ ተነሣ። ይህ ነፋስ ለሚያውቀው ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልገውም፤ በብርድ ወር መካከል እንደ ምድጃ አፍ እየነፈሰ ይመጣና በአንድ ቀን አመዳዩን ይልሰዋል። ጣራው ሁሉ ያንጠባጥብ ጀመር። ሌሊቱ አልቀዘቀዘም። ቅዳሜ ጠዋት በረዶው ሁለት ጣት ያህል ቀርቶት ነበር፤ ፊቱ ረጥቧል፤ ግን ነጭ ነው፣ ግን ይይዛል። ሚስተር ሮማኒክ መዶሻ ይዞ እየዞረ መታ መታ አደረገውና፣ «በሩ አይነካ፤ ማንም አይግባ። እስከ ማታ ይቆያል» አለ። እኛም ቆመን አጨበጨብንለት፤ ለበረዶው።

ዋንጫው የሚመጣው ከቀትር በኋላ በሚደርሰው ባቡር ነው። የኮርሰን ሰዎች ራሳቸው ይዘውት ይመጣሉ፤ ደንቡ ነው። ሙዚቃ ተዘጋጅቶ ነበር። ከተማው በሙሉ ወደ ጣቢያው ሲጎርፍ በአዳራሹ ተራ የደረሳቸው ሁለት ሰዎች ዓይናቸው መንገድ መንገድ ያያል።

እናቴ፣ «ሂዱ፣ ሂዱ። እኔ እጠብቃለሁ። እኔ ብረታ ብረት አይቼ አላውቅም?» አለቻቸው።

«ኧረ ተባረኪ፣ ቶርዲስ።» እስኪጨርሱ አልቆዩም፤ ሮጡ።

እኔንም አስቀረችኝ። አኩርፌ ቆምኩ። ሙዚቃው ከሩቅ ይሰማል። እናቴ አዳራሹ ውስጥ ገብታ በረዶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ሙቀቱ በስንጥቁ እየገባ ስለሆነ ከላዩ ስስ ጉም ተነሥቶ ነበር።

«ማሪት፣ ይህ ጉም ይታይሻል?»

«ይታየኛል።»

«በጉም ውስጥ ኤመሪ ፓኳን ያያታል?»

በዚህ ጊዜ ነው የጉዳዩ ክብደት የገባኝ። ያን ሁሉ ዓይን አጠራቅሞ ጉም። «አያያትም» አልኩ።

«እንግዲያው ይውጣ። በሩን ክፈቺ።»

«በቀን አይከፈትም እኮ።»

«ይተንፍስ ልጄ። ክፈቺው።»

የበሩ መወርወሪያ ከባድ ነበር፤ በትከሻዬ ገፋሁት። ሁለቱ በሮች በነፋሱ ተመንጭቀው ከግድግዳው ጋር ተላተሙ፤ ቺኑክ ፊቴን እየዳሰሰ ገባ። እናቴ መሰላል አቁማ የመስኮቶቹን ብርድ ልብሶች አንድ በአንድ ታወርዳለች። «ረጥበዋል፤ ይድረቁ» አለችኝ። ፀሐይዋ በረዶው ላይ በትልልቅ ነጭ አራት ማዕዘን ወደቀች። ጉሙም አልወጣም። ይልቁን ወፈረ፤ እስከ ወገቤ፣ ከዚያ እስከ አንገቴ መጣ። እንዴት ደስ እንዳለኝ። ኮቴን አውልቄ እንደ ማራገቢያ እያውለበለብኩ በበረዶው ዳር ወዲህና ወዲያ ሮጥኩ፤ «ውጣ፣ ውጣ» እያልኩ ጉሙን እንደ ከብት ነዳሁት። የቫልሄምን ዋንጫ በሁለት እጄ የማድነው እኔ ነበርኩ። እናቴ በረዶው መካከል ቆማ ታያለች፤ ፊቷ ርሷል፤ ከሥራው ብዛት ያላባት መሰለኝ። ስሮጥ እግሬ ጭቅ ጭቅ ይላል።

አባቴ ሲመጣ ከጎተራው በቀጥታ ነው፤ የስንዴ አቧራ በቅንድቡ ላይ አለ። በሩ ላይ ቆመ። በሮቹን አየ፣ መስኮቶቹን አየ፣ እናቴን አየ። እሷም አየችው። የሚጣሉ መስሎኝ ጉሙ እየወጣ እንደሆነ ላስረዳው ስጀምር እጁን ራሴ ላይ አደረገ።

«ማሪት፣ ወደ ጣቢያ ሂጂና ዋንጫውን እዪ። ሮጥ በይ።»

ሮጥኩ። ዋንጫው ካሰብኩት ያነሰ ነበር፤ ግን ያበራል። ከሙዚቀኞቹ ጋር ተደባልቄ፣ እየዘለልኩ፣ ከመላው ከተማ ጋር ወደ አዳራሹ ተመለስኩ። ስንደርስ በሮቹ ተዘግተው መወርወሪያው ገብቷል፤ ብርድ ልብሶቹ በየመስኮታቸው ተሰቅለዋል። አባቴና እናቴ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። አባቴ ሁሉን በቦታው መለሰልን ብዬ ኮራሁ።

መጀመሪያ የገባው ሚስተር ሮማኒክ ነው። የሥጋ ሽርጡን እንዳደረገ ወደ ጎሉ ሄደ፤ እግሩ ሰመጠ። ሲያነሣው ጫማው ላይ አሸዋ ነበር። ከዚያ ተንበረከከና በእጁ ከውኃው ሥር ይዳብስ ጀመር፤ የወደቀበትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው። አንድ የኮርሰን ሰው ካሮት የሞላ ከረጢት ይዞ ነበር፤ ቀስ ብሎ ከእግሩ ሥር አስቀመጠውና ቆቡን አወለቀ።

«ቺኑክ» አለ አንድ ሰው በመጨረሻ።

«ምን ይደረጋል፤ ቺኑክ ነው» አሉ ሌሎቹ።

ዶክተር ፒም መስኮቶቹን ቀና ብለው አዩ። እናቴን አዩ። ከዚያ ከሁሉም ጮክ ብለው፣ «ነፋሱ ነው» አሉ።

ኤመሪ የመንሸራተቻ ጫማውን በማሰሪያው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲመጣ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀለት። ጎሉ ድረስ በውኃ ውስጥ ሄዶ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ ብሎ ቆመ። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔ ደግሞ ነፋሱን ጠላሁት። ስፋለመው ውዬ ያሸነፈኝ ጠላት ነበር።

ቤት ስንገባ ኤመሪ ጫማዎቹን ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋር አላተማቸው። «ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? በረዶ መጠበቅ እንኳ አታውቁም? ጥቂት ሰዓት ነበር የቀረው። ጥቂት ሰዓት» አለ። አባቴ ከወንበሩ ተነሣ፤ እናቴ በዓይኗ አስቀመጠችው።

«ልክ ነህ» አለችው። «ሾርባ አለ፤ ተቀመጥ።»

«ሾርባሽን አልፈልግም።»

«ይሁን። ስትፈልግ አለ።»

እሑድ ጠዋት ኤመሪ ሲጠሩት አልነቃ አለ። እናቴ በብርድ ልብስ ጠቅልላው በባቡር ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ይዛው ሄደች። እኔ ትኩሳት ነው ተባልኩ። እኔም በሐዘን እንደታመመ አውቄ ለትምህርት ቤት ተናገርኩ፤ ሁላችንም አለቀስን። እውነቱ ከራስ ቅሉ በታች ለቀናት ደም ሲያቁር መሰንበቱ ነው። ከጆሮው በላይ ከፍተው አወጡለት። አንድ ትንሽ ምት፣ አንድ መውደቅ ቢጨመርበት ኖሮ የሚከፈትም ነገር አይኖርም ነበር አለ ሐኪሙ፤ ይህን እናቴ ለአባቴ ስታወራ የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ኤመሪ ከሆስፒታሉ ወደ አገሩ ሄደ። ሆኪ ዳግመኛ አልተጫወተም። እናቴ በሚቀጥለው መኸር ሌላ ልጅ ተቀበለች፤ አዳራሹ ውስጥም እንደ በፊቱ ጮኸች።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ፊዚክስ ማስተማር ጀመርኩ። አንድ ቀን ተማሪዎች ፊት ቆሜ ጉም እንዴት እንደሚፈጠር አስረዳለሁ። ጉም ከበረዶ አይወጣም እላለሁ፤ እርጥብና ሞቃት አየር መጥቶ ቀዝቃዛ ነገር ላይ ሲያርፍ ነው የሚወለደው፤ ስለዚህ አየሩን ባስገባን ቁጥር… ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ቆመ። ልጆቹ ጠበቁኝ። «ባስገባን ቁጥር ምን፣ መምህር?» አለች አንዷ። ትምህርቱን በማግስቱ ጨረስኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወላጆቼ ቤት ሄጄ እናቴን ድንች ስትልጥ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ያን በረዶ አንቺ ነሽ ያቀለጥሽው።»

ልጣጩ አልተቋረጠም። «እኔ ምን አደረግኩ? በሩን የከፈትሽው አንቺ ነሽ» አለች፤ ከንፈሯ ላይ ሳቅ ነበር። ከዚያ ቢላውን አስቀመጠች። «ማልቀሱን አልቅሻለሁ። ያን ዋንጫ ከእኔ በላይ የፈለገ አልነበረም። ግን የሰው ልጅ ነው፤ እናቱ እጄ ላይ ነው ያስቀመጠችልኝ። ሐኪሙን ለመንኩ፣ አሰልጣኙን ለመንኩ፣ ራሱን ለመንኩ። የቀረኝ የማልለምነው ነገር በረዶው ነበር።»

«አባዬስ?»

«አባትሽ ብርድ ልብስ አሰቃቀል ይችላል» አለች።

ባለቤቴ በታመመ ጊዜ እኔም የምከፍተው በር ፈልጌ ነበር። አልነበረም። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እሱ በሕይወት ሳለ፣ ክለቡ የምሥረታ በዓሉን ባከበረበት በጋ፣ የድሮ ተጫዋቾች ተጠርተው ነበር። ኤመሪ መጣ። ሸብቷል፤ ትንሽ ጎብጧል፤ የልጅ ልጁን ይዟል። ልጅቷም በረኛ ናት። «አያቴ፣ እውነት ያለ መከለያ ትጫወቱ ነበር? እብዶች ነበራችሁ እንዴ?» ትለዋለች፤ እሱ ይስቃል። እናቴ በዚያን ጊዜ ከወንበሯ አትነሣም፤ ፊቷ መጥቶ ተቀመጠ። ብዙ ካወሩ በኋላ የሚጠበቀው ነገር መጣ።

«ያ ነፋስ እኮ፣ ወይዘሮ ኦስቢ» አለ። «እስከ ዛሬ ሌሊት ይቀሰቅሰኛል። ያን ቀን አንዲት ጎል አላስገባም ነበር። ዋንጫው የኛ ነበር።»

የያዝኩትን ስኒ አስቀመጥኩ። ባለቤቴ ምን ሆነሻል በሚል ክንዴን ነካ አደረገኝ። አሁን ትነግረዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትነግረው ምንም አይሆንም ነበር፤ ሁሉም ነገር ካለፈ ቆይቷል። እናቴ እጇን ዘርግታ ራሱን ዝቅ እንዲያደርግ ምልክት ሰጠችው። ዝቅ አደረገ። ጣቶቿ ሽበቱን ገለጥ አድርገው ከግራ ጆሮው በላይ ያለውን ጠባሳ አገኙት፤ ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለችው። «አንዲትም አታስገባም ነበር። ክፉ ነፋስ ነው የገጠመን።»